የኢቲቻን መኪና አስቁሚ

ሰበታ፣ መስከረም 25 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድምጋሼ ባይሳ፣ ቶሪኖ፣ ኢጣሊያ

በሰው አገር ብቻህን ያለህ ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ ጀመረ? እኔ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት በሕይወት አለሁ። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ ስምህን ጠርታ ሳትመርቅህ አትተኛም።

ወንድምጋሼ፣ ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ባሌ ወንዳፍራሽ ታስሯል።

ግራዝማች ብዙነህን ታስታውሳቸዋለህ። ቤታችንና ጋራዡ ያሉበትን ቦታ የእኔ ነው ብለው ሁለት ዓመት ሲከሱን የኖሩት ናቸው። ጣሊያን ሠራሽ ትንሽ መኪና አለቻቸው። ክረምት ላይ ሞተሯ ጠዋት ጠዋት እየተንተፋተፈ አልነሣም ሲል፣ እንዲህ ያለውን ሞተር በዚህ አካባቢ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ሾፌራቸው ዱቤ መኪናዋን ወደ ወንዳፍራሽ አመጣት። ወንዳፍራሽ ከፍቶ አየና ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ አርጅቷል፣ ይለወጥ አለ። አንተ በሰኔ በሰው እጅ ከላክህልን ሦስት ቺንጋዎች አንዱን በነሐሴ መጨረሻ ገጠመላቸው። መኪናዋ እንደ አዲስ ሄደች።

መስከረም 14 ቀን ግራዝማች ከሱሉልታ እርሻቸው ሲመለሱ እንጦጦ ዳገት ላይ ሞተሩ በአንዴ ጠፋ። ጉም ነበር። ዱቤ ፍሬን ይዞ ሊያስነሣ ሲታገል እህል የጫነ ካሚዮን ከኋላ መጥቶ ገጫቸው። ዱቤ እግሩ ተሰብሯል። ግራዝማች እስከ ዛሬ ራሳቸውን አያውቁም፤ ሆስፒታል ናቸው።

በሐምሌ ወንዳፍራሽ ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ግራዝማች፣ እኔን ከዚህ ቦታ ከማስነሣትዎ በፊት እርስዎ ይነሣሉ» ብሏቸው ነበር። ንዴት ነው ያናገረው። አሁን የግራዝማች የወንድም ልጅ፣ አሥራት የሚባለው፣ ያንን ቃል ለፖሊስ ነግሯል። አስቦ ነው ሞተሩን ያበላሸው እያሉ ነው። ግራዝማች ከሞቱ ክሱ የነፍስ ግድያ ይሆናል።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ቺንጋውን አዲስ ሆኖ የገዛህበትን ደረሰኝ ላክልኝ። መርማሪው መቶ አለቃ፣ «ማስረጃ ካለሽ አምጪ፣ አያለሁ» ብሎኛል። ሰውየው ክፉ አይደለም። ግን ቶሎ በልልኝ።

ፈጣሪ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ።

እህትህ ድንቅቱ

—

ቶሪኖ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለእህቴ ለድንቅቱ

ሰላምታዬ ካለሽበት ጭንቅ ውስጥ ይድረስሽ። የእናታችንን ጉልበት እስማለሁ፤ ስለ ወንዳፍራሽ ሰምታ እንደሆነ ባላውቅም አትንገሪያት።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው የከፈትኩት፤ እስከ መጨረሻው ቆሜ ማንበብ አቃተኝ። ወንዳፍራሽ ሰው ላይ እንዲህ እንደማያደርግ እኔ ምስክር ነኝ፤ ግን ከዚህ ሆኜ ምስክርነቴን ማን ይሰማል? ስለዚህ ስለ ሞተሩ ልንገርሽና አንቺ በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ። ትችያለሽ። በልጅነትሽ የቤታችንን ሰዓት ሆድ ከፍተሽ የገጠምሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም።

እዚያ ሞተር ውስጥ ሁለት ዘንጎች አሉ። የታችኛውን ፒስተኖቹ ያዞሩታል። የላይኛው ደግሞ ቫልቮቹን በየተራ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሁለቱ እኩል እንዲዞሩ የሚያስተሳስራቸው ያ ጥርስ ያለው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ጥርሱ ከረገፈ፣ የላይኛው ቀጥ ይላል፣ የታችኛው ይዞራል፣ ፒስተኑ ከቫልቩ ይጋጫል፣ ሞተሩ ይሞታል። ድሮ በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት ነበር። ሰንሰለት ሲያረጅ ይንጫጫል፣ ሰው ይሰማዋል። ቺንጋ ግን ሳይናገር ነው የሚለቀው።

መኪናዋ ያለችበት ሂጂና እንዲያሳዩሽ ለምኚ። ሦስት ነገር እዪ። መጀመሪያ፣ ቺንጋው በስለት የተቆረጠ ይመስላል ወይስ የተበጠሰ? ሁለተኛ፣ ጥርሶቹ ረግፈዋል? በአንድ ቦታ ነው ወይስ ተበታትነው? ሦስተኛ፣ ከሁሉ በላይ ይህን ልብ በይ፤ ዘይት ነክቶታል? ከፊት ያለው የዘይት መከልከያ ጎማ ካፈሰሰ ዘይቱ ቺንጋውን ያለሰልሰዋል፤ አዲስ ቢሆንም አይቆይም። እኔ ዘይት ነው ብዬ አምናለሁ። ዘይት ካየሽ በእጅሽ ዳብሺው፣ ለመርማሪውም አሳዪ። እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ የማንም አይደለም።

ደረሰኙን እፈልገዋለሁ። ቤት ቀይሬ ነበር፣ ወረቀቶቼ ተደበላልቀዋል።

አይዞሽ ማለት ከሩቅ ቀላል ነው፣ ቢሆንም አይዞሽ።

ወንድምሽ ባይሳ

—

ሰበታ፣ ኅዳር 5 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለወንድምጋሼ ለባይሳ

እንደምን ሰነበትክ? እዚህ አጨዳ ደርሷል፤ የተፍኪ ሰዎች ሁሉ ማሳ ናቸው። እኔ ግን የማየው ሞተር ብቻ ሆኗል።

ደብዳቤህ በደረሰኝ በማግስቱ ሱሉልታ ሄድኩ። መኪናዋን ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር አቁመዋታል። ኋላዋ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ተጨራምቷል። የኋላ መቀመጫው ላይ የግራዝማች ባርኔጣ አሁንም አለ። ዘበኛው ሽማግሌ ነው። «አካም ቡልታኒ፣ አባቴ» ብዬ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ ስለው ፊቱ ተፈታ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሞተሩን ላየው ነው። መቶ አለቃው ፈቅዶልኛል።»

«ሴት ልጅ ሞተር አይታ ምን ታገኛለች?»

«የታሰረው ባሌ ነው።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። መቶ አለቃው ራሱ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። የቺንጋው ክዳን አስቀድሞ ተፈትቷል። እንዳልከኝ አየሁ። ቺንጋው አልተቆረጠም፣ አልተበጠሰምም፤ ሙሉ ክብ ነው። ግን አንድ ቦታ ላይ አራት ጣት የሚያህል ጥርሱ ረግፎ ውስጡ ያለው ክር ወጥቷል። የቀሩትም ጥርሶች በጥፍር ሲነኳቸው ይነቃነቃሉ። ዘይት የለም። ሁለት ጊዜ ዳበስኩት፣ እጄ ደረቅ ነው። መሐረቤን አውጥቼም ጠረግሁት፤ አቧራ እንጂ ዘይት አልነካውም። መቶ አለቃው ይህን ሁሉ ጻፈ። ዘይት እንዲኖር እንዴት እንደጸለይኩ አንተ አታውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አይቻለሁ። በጥርሶቹ መካከል፣ ሥር ሥሩን፣ ቢጫ ቀለም አለ። ሰው አጥቦት ያልለቀቀ ይመስላል። ፋብሪካው እንዲህ ምልክት ያደርጋል?

እሑድ ወንዳፍራሽን ጠየቅሁት። ጢሙ አድጓል፣ እጁ ግን ከዘይት ጸድቶ እንደ ጸሐፊ እጅ ሆኗል፤ እሱን ሳይ ነው ያለቀስኩት። ያየሁትን ነገርኩት። ከዚያ፣ «ለባይሳ ስለ ቺንጋው አትጻፊለት» አለኝ። «ለምን?» ብለው፣ «ሰው በሰው አገር አታስጨንቂው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ይኸው ትእዛዙን ጥሼ ጻፍኩልህ።

ግራዝማች ዓይናቸውን ገልጠዋል ይላሉ፣ ግን አይናገሩም። አሥራት ትናንት ሁለት ሰዎች ይዞ መጥቶ ጓሯችንን በገመድ ለክቶ ችካል ተከለ። ምን ታደርጋለህ ብለው፣ «ባልሽ አይመለስም፣ አንቺም አትቆዪም» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በሩን ነፋስ ባንኳኳው ቁጥር ሄጄ መወርወሪያውን አያለሁ።

ደረሰኙን አገኘኸው? ካጣኸው አንድ ነገር አስቤያለሁ። ከላክሃቸው ሦስት ቺንጋዎች ሁለተኛው ቡራዩ ያለው፣ ሞተሩ ከግራዝማች ጋር አንድ ዓይነት የሆነው የኢቲቻ መኪና ላይ ነው፤ ከገፈርሳ እስከ ሆለታ ሰው የሚያመላልሰው ኢቲቻ። በሐምሌ ነው ወንዳፍራሽ የገጠመለት። ሦስተኛው ግን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሱን ወስጄ፣ አዲስ ነበር፣ እንዲህ ያለ ነው ብዬ ለመርማሪው ላሳይ? ያለ አንተ ቃል መውሰድ ፈራሁ። ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ ድንቅቱ

—

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1965 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

ጤና ነህ? በየሁለት ቀኑ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። ጸሐፊው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ታመህ እንደሆነ ሰው ልከህ አሳውቀኝ። በእኔ ተቀይመህ እንደሆነ ምን እንዳጠፋሁ ንገረኝ። ከዓለም ገና እስከዚህ መንገዱን ስሄድ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሞተሩን ማዳመጥ ጀምሬያለሁ፤ ድምፁ ደህና የሆነው የበለጠ ያስፈራኛል።

ድንቅቱ

—

(ከቶሪኖ የተላከ ቴሌግራም፤ ታኅሣሥ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ደረሰ)

የኢቲቻን መኪና ዛሬውኑ አስቁሚ። ግድግዳ ላይ ያለውን አትግጠሙ። ደብዳቤ ይከተላል። ባይሳ

—

ቶሪኖ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለእህቴ ለድንቅቱ

ሰላም ልልሽ ብዕሬን ባነሣም አልደፈርኩም። ቴሌግራሙ ደርሶሽ፣ ያልኩሽን አድርገሽ፣ ይህን ከዚያ በኋላ እንድታነቢው እግዚአብሔርን እለምናለሁ።

ቺንጋዎቹ አዲስ አይደሉም። ደረሰኝ የለም። ኖሮም አያውቅም።

እኔ እዚህ መካኒክ አይደለሁም፣ ድንቅቱ። መካኒክ ነኝ ብዬ የጻፍኩላችሁ ሁሉ ውሸት ነው። ከሰበታ ያመጣኝ ጣሊያናዊ ከሞተ በኋላ አንድ ጋራዥ ተቀጠርኩ፤ የማጥበው የወለቀ ዕቃ ነው፣ የምጠርገው ወለል ነው። ሞተር የተማርኩት መካኒኮቹ ሲሠሩ በጎን እያየሁ ነው። ወንዳፍራሽ «አንተ እኮ እዚያ ባለሙያ ነህ፣ ሦስት ቺንጋ አታጣም» ብሎ ሲጽፍልኝ፣ አጣሁ ማለት አፈርኩ። ከደንበኞች መኪና የሚወልቀው አሮጌ ቺንጋ በርሜል ውስጥ ይጣላል። ማንም መልሶ እንዳይገጥመው ጀርባውንም ጥርሱንም ቢጫ ቀለም ይቀቡታል። ከዚያ በርሜል ውስጥ ደህና የሚመስሉትን ሦስት መረጥሁ። ቀለሙን በቤንዚን አሸሁት። ቤንዚን ደግሞ ጎማ ይበላል፤ ይህን ያኔ አላውቅም ነበር፣ ወይም ማወቅ አልፈለግሁም።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ዘይት ፈልጊ ያልኩሽ ዘይት እንዲገኝ ስለተመኘሁ ነው።

የሚብሰውን ልንገርሽ። ስለ ቢጫው ቀለም የጻፍሽው ከደረሰኝ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ነው። በዚያው ደብዳቤ ላይ የኢቲቻን መኪና አነበብኩ። ያን ቀን ቴሌግራም ማድረግ እችል ነበር። አላደረግሁም። ለመናገር ስፈራ አሥራ አንድ ቀን አለፈ፤ በየቀኑ ያ ሰው ከገፈርሳ ሆለታ ሰው ጭኖ ሄዷል። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ መካኒክ አሮጌ ቺንጋ አውልቆ በቀለሙ ሲቀባ አየሁትና ወለል መጥረጊያውን ጥዬ ወደ ቴሌግራም ቤት ሮጥሁ።

ለወንዳፍራሽ የሚሆን ምስክርነት ከፈለጋችሁ በስሜና በፊርማዬ እሰጣለሁ። በአገራችን መንግሥት ወኪል ፊት ቀርቤ ማኅተም አስደርጌ እልካለሁ። ስለ እኔ አታስቢ።

ኢቲቻ ምን ሆነ? በአንዲት ቃል ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ።

ባይሳ

—

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1965 ዓ.ም.

ባይሳ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። አንብቤ እጄን ታጠብኩ፤ ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም። ስለ ጤናህ ዛሬ አልጠይቅህም። ኢቲቻ በሕይወት አለ። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩልህ ስለማዝንልህ ሳይሆን፣ ማንም ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲጠብቅ እንዲሰነብት ስለማልፈልግ ነው።

ቴሌግራሙ ሲደርሰኝ ምክንያቱን አላወቅሁም። «አስቁሚ» የሚለው ቃል ብቻ በቃኝ። ነጠላዬን ደርቤ በመጣው መኪና አዲስ አበባ ገባሁ፣ ከዚያ ቡራዩ። መንገድ ዳር ሰው ተሰብስቦ ባየሁ ቁጥር፣ አለቀ፣ ሳልደርስ ቀረሁ እላለሁ። ኢቲቻ ቤት ስደርስ መኪናው በሩ ላይ ቆሞ ሞተሩ ይሠራል። ሦስት ሴቶች ለሆለታ ገበያ ቅቤና ማር ይዘው ኋላ ተቀምጠዋል። ከፊት ደግሞ ሚስቱ በቀለች ናት፤ ወሯ ገብቷል፣ ሆለታ እናቷ ዘንድ ልትወልድ እየሄደች ነው።

«ኦቦ ኢቲቻ፣ አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ።

«ደህና አይደለሽም እንዴ? ወንዳፍራሽ ምን ሆነ?»

«ሞተሩን አጥፋው፣ በእናትህ። ቺንጋው ደህና አይደለም።»

ሳቀ። «ይኸውልሽ እኮ፣ ባልሽ በእጁ የገጠመው ነው። አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልቆመብኝም።»

«የግራዝማችም አልቆመም ነበር፣ እስከ ቆመበት ቀን ድረስ።»

ሳቁ ጠፋ፣ ግን እጁን ከመሪው አላነሣም። «ሰው ጭኛለሁ፣ ድንቅቱ። ስመለስ አየዋለሁ» አለ። እኔም መኪናው ፊት ሄጄ ቆምሁ። ሴቶቹ ኋላ ሆነው ይቺ ሴት አበደች እያሉ ነበር። ያዳነኝ በቀለች ናት። «ይጥፋ፤ ብናይ ምን እንሆናለን?» አለችው።

ኢቲቻ የሞተሩን መክደኛ ከፈተ። ቁልፍ ስጠኝ አልኩትና የቺንጋውን ክዳን ራሴ ፈታሁ፤ ስቸኩል አንዱ ብሎን ከእጄ ወድቆ ጠፋ። እሱ የታችኛውን ዘንግ በትልቅ ቁልፍ ቀስ እያለ ያዞራል፣ እኔ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ጀርባው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ግማሽ ዙር እንደዞረ፣ ሥሩ የተላቀቀ ጥርስ አገኘሁ። በጥፍሬ ቀና ሳደርገው ተነሥቶ እጄ ላይ ቀረ። ቀጥሎ ያለውም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ሥራቸው ላይ ያው ቢጫ ቀለም አለ።

ጥርሱን በመዳፌ ይዤ ለኢቲቻ አሳየሁት። አንዴ እሱን፣ አንዴ በቀለችን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሴቶቹ ቅልና እንስራቸውን ማውረድ ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን በቀለች እዚያው ቤቷ ወለደች፣ ሴት ልጅ። ሆለታ በበቅሎም ሳትሄድ ቀረች።

ኢቲቻ ያን ቺንጋ አውልቆ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ፍርድ ቤት ጠሪኝ፣ እመሰክራለሁ» አለኝ። ይህን ሲለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ወንዳፍራሽ ከኢቲቻ ጋር ጠብ የለውም፤ የሱም መኪና ላይ ያው ጥፋት ከተገኘ፣ በግራዝማች ላይ ተንኮል ሠራ የሚሉት ይፈርሳል። ሦስተኛውንም ከግድግዳው አውርጄ ሁለቱን ለመቶ አለቃው ሰጥቻለሁ።

አሁን ያልከውን ወረቀት ላክ። ማኅተሙ ይታይ።

ወንዳፍራሽ አንተ የሠራኸውን አያውቅም። እስር ቤት ሄጄ እንዴት ልንገረው?

ድንቅቱ

—

ቶሪኖ፣ ጥር 9 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለእህቴ

ለልጅቷ ዕድሜ ይስጣት። ስለሷ የጻፍሽውን እያነበብኩ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም ከወንበሬ ተነሥቻለሁ።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ሁለት ማኅተም አለው። አንዱ የአገራችን መንግሥት ወኪል ነው፣ አንዱ የጋራዡ። የጋራዡን ለማግኘት ለባለቤቱ የወሰድኩትንና ያደረግሁትን ሁሉ መናገር ነበረብኝ። ማኅተሙን አደረገልኝና በዚያው ቀን አሰናበተኝ። አልቀየምኩትም። ወረቀቱ ላይ፣ አሮጌ መሆኑን እያወቅሁ አዲስ ነው ብዬ ላክሁ፣ ወንዳፍራሽ አያውቅም ነበር ብዬ ፈርሜያለሁ።

ፍርዱ ሲሰጥ አሳውቂኝ። አድራሻዬ ተለውጧል፣ ፖስታው ጀርባ ላይ አለ።

ባይሳ

—

ሰበታ፣ የካቲት 23 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለባይሳ

ጤና ይስጥልኝ። እናታችን ደህና ናት። የቀረውን ልንገርህ።

ፍርድ ቤት የቀረብነው በየካቲት 16 ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ግራዝማች በዘንግ ተደግፈው መጡ፤ ግራ እጃቸው አይንቀሳቀስም፣ ንግግራቸውም ይጎትታል። አሥራት አጠገባቸው ነበር። ዱቤም በክራንች መጥቶ ቃሉን ሰጠ። ኢቲቻ መሰከረ። ቺንጋዎቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖሯቸው፤ ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ጥርሶቹን በእስክሪብቶ እየነኩ አዩ። ያንተ ወረቀት ተነበበ። ሲነበብ የወንዳፍራሽን ፊት አየሁት፤ እንደ ጠበቅሁት አልደነገጠም።

ዳኛው፣ «እንግዲህ ቺንጋው አሮጌ መሆኑን አታውቅም ነበር?» አሉት። አዎ አላውቅም ቢል፣ ጠበቃው እንደነገረኝ፣ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባ ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ።

ዳኛው እንዲያስረዳ ነገሩት።

«ገና ከጥቅሉ ሳወጣው ቀለሙን አይቻለሁ። ከጣሊያኖች ጋር ሠርቻለሁ፤ ቢጫው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የኢቲቻን ስገጥም፣ ለትንሽ ጊዜ ይበቃል፣ ሌላ ሲመጣ እለውጠዋለሁ አልኩ። ግራዝማች ደግሞ መኪናዬ ሦስት ሳምንት ተገተረ፣ ሥራ የማትችል ከሆነ ቦታውን ልቀቅ እያሉ ይልኩብኝ ነበር። የለኝም ብል ቤቴን የሚያፈርሱ መሰለኝ። ፈራሁ፣ ገጠምኩት። ልጎዳቸው ብዬ ግን አይደለም።»

የግድያ ሙከራው ክስ ተሰረዘ። በቸልተኝነት ሰው በማቁሰል የአንድ ዓመት እስራት ፈረዱበት፤ የቆየበት ይታሰብለታል። ግራዝማች ሲወጡ አጠገቤ ቆሙ። አዩኝና ሄዱ። በማግስቱ አሥራት ጓሮው ውስጥ የተከላቸውን ችካሎች ሰው መጥቶ ነቀላቸው። ማን እንደላከው አልጠየቅሁም። ነገ ደግሞ ተመልሰው ይተክሏቸው እንደሆነም አላውቅም። በሩን አሁንም በጊዜ ነው የምዘጋው።

እሑድ ወንዳፍራሽ ዘንድ ስሄድ ተቆጥቼ ነበር። «አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችህ። ዝም ብትል ኖሮ ዛሬ ቤትህ ነበርክ» አልኩት።

«ኢቲቻ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር» አለኝ። «ሊመሰክርልኝ ሥራውን ፈትቶ መጥቶ። ሚስቱን አስቀምጦ ሊነዳ የነበረውን መኪና በዚህ እጄ ነው የሠራሁለት። እሱን እያየሁ አላውቅም ማለት አቃተኝ።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም? አምስት ወር እስር ቤት ስመላለስ?»

«ብነግርሽ ለባይሳ ትጽፊለት ነበር። እሱ ደግሞ እንዳወቅሁበት ሲሰማ በዚያው ይጠፋብን ነበር» አለ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ቁጣዬን የት እንደማኖረው አጣሁ፤ ይዤው ተመለስኩ፣ እስከ አሁንም አብሮኝ አለ። በአንተም በእሱም ላይ።

ጋራዡን አልዘጋሁትም። የሚመጣ መኪና ካለ እከፍተውና አየዋለሁ። መጠገን አልችልም፤ ግን ያረጀውን አረጀ ብዬ እናገራለሁ። ባለፈው አንዱ ተቆጥቶ መኪናውን ይዞ ሄደ። ይሂድ።

ሥራህን በማጣትህ አዝኛለሁ። ይቅር ብያችኋለሁ ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር፤ ገና ስላልሆነ አልጻፍኩትም። ከእንግዲህ ግን ስለ ወንዳፍራሽ በእኔ በኩል አትጠይቀኝ። ለራሱ ጻፍለት። ደብዳቤ ያስገቡለታል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው እንጂ ያነባል። ምን ብለህ እንደምትጀምር ቢጨንቅህ፣ እኔም በየእሑዱ ያ በር እስኪከፈት ድረስ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ሲከፈት ግን ሰው አንድ ነገር ይላል።

እህትህ ድንቅቱ